«ዝውውሩ ገብቷል?»፦ የቪዲዮ ጌም ነጥብ ደሴ ሲደርስ

ባለፈው ቅዳሜ ደሴ ላይ፣ ከፒያሳ ወደ ሸዋ በር በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች አንዲት ጌም ቤት ገባሁ። ያስገባኝ ዝናብ ነው እንጂ ጨዋታ አምሮኝ አልነበረም። አራት ቴሌቪዥን፣ ሦስት ፒኤስ 4 (የሶኒ ፕሌይስቴሽን)፣ አንድ ዕድሜ የጠገበ ፒኤስ 3። ግድግዳው ላይ በማርከር «ተሸናፊ ይነሳል። ጆይስቲክ የወረወረ ይከፍላል» ተብሎ ተጽፏል። ባለቤቱ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል። የዘንድሮውን የእግር ኳስ ጌም ላስገባ አላስገባ እያለ ሲያወጣ ሲያወርድ ኖሯል። ስልኩን ወደ እኔ አዞረው። «እስቲ ይቺን እያት፤ ሰባ ስድስት ይላል። ጥሩ ነው መጥፎ?»

እኔ መልስ ሳዘጋጅ፣ ጀርባውን ሰጥቶን የሚጫወት አንድ ልጅ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል ጣልቃ ገባ። «ዝውውሩ ገብቷል?»

ክለብ የቀየሩት ተጫዋቾች በአዲሱ ማሊያቸው ገብተዋል ወይ ማለቱ ነው። ሁለቱም የጠየቁት ስለ አንድ ጌም ነው። የባለቤቱን ጥያቄ ለመመለስ በዓለም ላይ ስንት መጽሔት፣ ስንት ድረ ገጽ፣ ስንት ዩቲዩበር ተሰልፏል። የልጁን ጥያቄ ግን ማንም ገምጋሚ ከቁም ነገር አይጥፈውም። ደሴ ላይ ከኪስ ብር የሚያስወጣው ደግሞ እሱ ነው።

(በነገራችን ላይ «ግምገማ» የሚለው ቃል ለብዙዎቻችን ገና የስብሰባ አዳራሽ ይሸታል፤ ሰው ተነስቶ ድክመቱን የሚቆጥርበት። እዚህ የሚገመገመው ጌም ስለሆነ፣ አብሽር።)

ከባለቤቱ ጥያቄ ልጀምር። ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት የተማረ ልጅ 76 ይዞ ቤቱ ቢገባ ማንም አይቆጣውም። የእኛ ማለፊያ 50 ነው፤ እሷም በቀላሉ አትገኝም። የ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲወጣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ አንረሳውም። በጌሙ ዓለም ግን 76 ማለት «አይከፋም፤ ካልቸኮልክ ዋጋው እስኪወርድ ጠብቅ» እንደ ማለት ነው። 60 ያመጣ ጌም ወድቋል። ከ50 በታች ያለው ግማሽ መስክ የተተወ መሬት ነው፤ አልፎ አልፎ ብቻ ሰው ይገባበታል።

ይህ ለምን ሆነ? እኔ እንደሚመስለኝ አንዱ ምክንያት ትምህርት ቤት ነው፤ የእኛ ሳይሆን የእነሱ። አሜሪካ ውስጥ በአብዛኛው ከ60 በታች «ኤፍ» ነው፤ ሰባዎቹ ደግሞ «ሲ»። በዚያ ያደገ ገምጋሚ 7 ሲሰጥ እጁ የሚያውቀው «ሲ»ን ነው። ሁለተኛው ምክንያት ምርጫ ነው። ስቲም በሚባለው የፒሲ ጌም መደብር ላይ ብቻ በዓመት ከ10 ሺህ በላይ ጌም ይወጣል። የዝግጅት ክፍሎች ከዚያ ውስጥ ለአንባቢ ይረባል ያሉትን ጥቂት መቶ ይመርጣሉ። እጅግ የከፋው ከመጀመሪያው ለፈተና አይቀመጥም። ለፈተና የተቀመጡት ተመርጠው የመጡ ከሆኑ ደግሞ አማካዩ ከፍ ማለቱ አይገርምም።

ባለቤቱ ያሳየኝ ቁጥር የአንድ ሰው ነጥብ አልነበረም። ሜታክሪቲክ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረው ድረ ገጽ ያወጣው አማካይ ነው። አንዱ በኮከብ፣ አንዱ ከ10፣ ሌላው በፊደል የሰጠውን ሁሉ ከ100 ወደሚሰላ ቁጥር ይመነዝረዋል። አማካዩም እኩል አማካይ አይደለም። ለአንዳንዱ ሕትመት ከሌላው የበለጠ ክብደት ይሰጠዋል፤ ለማን ምን ያህል እንደሆነ ግን ምስጢር ነው። ቀለሙ ላይ ደግሞ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። እዚያው ድረ ገጽ ላይ ፊልም 61 ካመጣ አረንጓዴ ይቀባል። ጌም ግን አረንጓዴ ለማግኘት 75 መድረስ አለበት፤ ከ50 እስከ 74 ያለው ቢጫ ነው። የነጥቡ ዋጋ መርከሱን ድረ ገጹ ራሱ አውቆ መስመሩን ገፋ አድርጎታል ማለት ነው።

ይህ ቁጥር የሰው እንጀራ ቆርጦ ያውቃል። «ፎልአውት፦ ኒው ቬጋስ» የተባለው ጌም እ.ኤ.አ. በ2010 ሲወጣ የሠራው ስቱዲዮ ኦብሲዲያን ከአሳታሚው ጉርሻ የሚያገኘው ሜታክሪቲክ ላይ 85 ከመጣ ነበር። የመጣው 84 ነው። ይህን እ.ኤ.አ. በ2012 በትዊተር የተናገረው ከስቱዲዮው መሥራቾች አንዱ የሆነው ክሪስ አቬሎን ነው። አንዲት ነጥብ! የትኛው ገምጋሚ በየትኛው ቀን ሆዱን እያመመው እንደጻፈ ማን ያውቃል።

የጃፓኖቹ ዘዴ ይሻለኛል። ፋሚትሱ የተባለው መጽሔት አንዱን ጌም ለአራት ሰው ይሰጣል፤ እያንዳንዳቸው ከ10 ይሰጡና ከ40 ይደመራል። ሙሉ 40 ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1998 ነበር። ድምሩ ላይ ብዙም እምነት የለኝም፤ ነገር ግን 9፣ 9፣ 6፣ 8 የሚል ሳይ ቢያንስ አንዱ ሰውዬ ምን ከፋው ብዬ እሱ የጻፈውን ፈልጌ አነባለሁ። አማካዩ ይህን ሰውዬ ይውጠዋል።

ወደ ልጁ ጥያቄ

አይጂኤን የተባለው ትልቅ የጌም ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. በ2020 ለኔንቴንዶ ስዊች ለወጣው «ፊፋ 21» ከ10 ሁለት ብቻ ሰጠው። አዲስ ግምገማ ለመጻፍ እንኳ አልተቸገረም። ያለፈውን ዓመት የ«ፊፋ 20» ግምገማ መልሶ አወጣው። ምክንያቱ ጌሙ ያው የአምናው መሆኑ ነው፤ የተቀየረው የተጫዋች ዝርዝር፣ ማሊያና የመሳሰለው ብቻ ነበር። ዓለም ሳቀ፣ አጨበጨበ። እኔም ስቄ ነበር፤ በኋላ ግን ቆም ብዬ ሳስበው የተሳቀው በእኛ ልጅነት ላይ ሆኖ አገኘሁት።

ሶኒ ፒኤስ 2 ማምረት ማቆሙ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2013 መጀመሪያ ላይ ነው። በእኛ ከተማ ጌም ቤቶች ፒኤስ 2 ከዚያ በኋላም ዓመታት ሠርቷል። በየዓመቱ «አዲስ ፔስ ገባ» (ፔስ የእግር ኳስ ጌም ነው) ይባልና እንሮጣለን። ዲስኩ የት አገር እንዳለ የማናውቀው ሰው አሮጌውን ጌም ከፍቶ ስሞቹን ቀይሮ፣ ማሊያውን አልብሶ ያቃጠለው ነው። አሯሯጡ ያው፣ ቅጣት ምቱ ያው፣ በረኛው የሚሠራት ስህተት ራሱ ያው። አንድም ሰው ተታለልኩ ብሎ አያውቅም። የምንከፍለው ለዝርዝሩ ነበራ! ከሰዓት ዲኤስቲቪ ቤት የተጀመረ ክርክር ማታ ጌም ቤት ይቀጥላል። በዚህ ሳምንት ክለብ የቀየረ አጥቂ ዛሬ ማታ በአዲሱ ማሊያ ካልገባ ክርክሩ መሐል ላይ ይቆማል። እንቅስቃሴው የቱንም ያህል ቢያምር ዝውውሩ ያልገባበት ጌም ደሴ ላይ ሶፋ አይሞላም።

እና አይጂኤን ተሳሳተ? አልተሳሳተም። የመለሰው ሌላ ጥያቄ ነው። እዚያ ያለው አንባቢ የሚጠይቀው «አምና ገዝቼዋለሁ፤ ዘንድሮስ ልድገመው?» ብሎ ነው። ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ የትልልቅ ጌሞች መደበኛ ዋጋ 70 ዶላር ሆኗል፤ ነጥቡ የዚህች 70 ዶላር ጠባቂ ነው። እኛ ዘንድ ያው 70 ዶላር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም የምንዛሪ ለውጥ በፊት በባንክ ዋጋ 4 ሺህ ብር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ8 ሺህ ብር በላይ ነው። ይህን የሚከፍለው ተጫዋቹ አይደለም፤ ባለ ጌም ቤቱ ነው። ዝናብ ባስገባኝ ጌም ቤት አንድ ጨዋታ 15 ብር ነው፤ ስለዚህ ከ530 ጨዋታ በላይ ካልተጫወቱበት ወጪው አይመለስም፤ የመብራትና የጆይስቲክ ሳይቆጠር። ልጁ የሚከፍለው 15 ብር ነው፤ ለ15 ብር ደግሞ ማንም ግምገማ አያነብም።

ገምጋሚው የተቀመጠበት ወንበር

ነጥብ ከመታመኑ በፊት በምን መሣሪያ ላይ ተሰጠ ብሎ መጠየቅ ይገባል። የ«ሳይበርፐንክ 2077» ታሪክ ለዚህ ይበቃል። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 10 ቀን 2020 ከመውጣቱ በፊት ለገምጋሚዎች የተሰጠው የፒሲው ቅጂ ብቻ ነበር። በቪዲዮ ግምገማቸው ላይም ራሳቸው የቀረጹትን ምስል እንዳያሳዩ ተከልክለው ነበር። ነጥቡ 90 አካባቢ ሆኖ ወጣ። በተለመደው ፒኤስ 4 የከፈቱት ሰዎች ግን ጌሙ ሲንተፋተፍ፣ ሲዘጋ፣ የሰው ፊት ሳይመጣለት ሲቀር አዩ። ሶኒ በሳምንት ጊዜ ውስጥ ከመደብሩ አወጣው፤ የተመለሰው በሚቀጥለው ዓመት ሰኔ ነው። የፒኤስ 4ቱ ቅጂ በኋላ ለብቻው ሲመዘን 60 መድረስ አቃተው።

ደሴ ያለው ፒኤስ 4 ደግሞ ያገለገለ ነው፤ ከአንድ ባለቤት ወደ ሌላው ሲዞር የኖረ፣ ማራገቢያው እንደ ወፍጮ የሚጮህ። ኮምቦልቻ ቢሆን ሙቀቱ ይጨመርበታል። ለዚህ መሣሪያ የተሰጠ ነጥብ የለም።

ማስታወቂያም አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 ጌምስፖት በሚባለው ድረ ገጽ ላይ ጄፍ ገርስትማን የተባለ ገምጋሚ «ኬን ኤንድ ሊንች» ለተባለ ጌም 6 ሰጠ። በዚያው ሰሞን የድረ ገጹ ፊት በዚሁ ጌም ማስታወቂያ ተሸፍኖ ነበር። ሰውዬው ተባረረ። ከአስተዳደሩ ላይ የማስታወቂያ ጫና እንደነበረ እ.ኤ.አ. በ2012 ራሱ ተናግሯል። በእኛው ቲክቶክና ቴሌግራም ጌም የሚያስተዋውቁ ልጆችን ሳይ ይህ ታሪክ ትዝ ይለኛል። ብዙዎቹ ጌሙን አልከፈቱትም፤ የፈረንጁን ነጥብ በአማርኛ ያነቡታል። ተከፍሏቸው ይሁን በነፃ መለየት ያስቸግራል።

ትልቁ ጉዳይ ግን ኢንተርኔት ነው። የመኪና ውድድር ጌሙ «ግራን ቱሪሞ 7» እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 ሲወጣ ገምጋሚዎች አሞገሱት፤ አማካዩ 87 ነው። ሁለት ሳምንት አልሞላውም፤ አንድ ማዘመኛ ከገባ በኋላ ሰርቨሩ ከ30 ሰዓት በላይ ወደቀ። ብቻውን መኪና የሚነዳ ሰው እንኳ አብዛኛውን ጌም መክፈት አልቻለም፤ ምክንያቱም ለብቻ የሚጫወቱትም ክፍል መስመር ይፈልጋል። ማዘመኛው የውድድር ሽልማቱንም ቀንሶት ነበርና ተጫዋቾች ተቆጡ። እዚያው ሜታክሪቲክ ላይ ከ10 የሚሰጠው የሕዝቡ ነጥብ ወደ 2 አካባቢ ወረደ። ገምጋሚው ሲጽፍ ሰርቨሩ ቆሞ ነበር፤ ሲወድቅ ግን ግምገማው ቀድሞ ታትሟል።

30 ሰዓት! በ2015 ዓ.ም መጨረሻ ላይ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ እኛ የቆጠርነው በወር ነው። ያን ጊዜ ስልክ ላይ ያለ የኦንላይን ጌም ሁሉ፣ 9 ያገኘውም 4 ያገኘውም፣ እኩል ዜሮ ሆነ። የተረፈው ያለ መስመር የሚሠራው ነው። ስንት ግምገማ አንብቤ «ያለ ኢንተርኔት ይከፈታል ወይ» ለሚለው መልስ ያገኘሁት ጥቂቱ ላይ ነው፤ እዚያም ላይ የግርጌ ቃል ሆኖ።

ከባለሙያው የሕዝቡ ነጥብ ይሻላል የሚሉ አሉ። አንዳንዴ እውነት ነው። «ሄልዳይቨርስ 2» ላይ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 የሆነውን እንውሰድ። ሶኒ የፒሲ ተጫዋቾች የፒኤስኤን (የሶኒ የኦንላይን አገልግሎት) አካውንት እንዲያገናኙ አስገዳጅ አደርጋለሁ አለ። በቀናት ውስጥ ስቲም ላይ ከ200 ሺህ በላይ አሉታዊ ግምገማ ዘነበበት፤ ሶኒም ውሳኔውን አጠፈ። በዚያው ሰሞን ጌሙ ፒኤስኤን በይፋ በሌለባቸው ከ170 በላይ አገሮችና ግዛቶች ከሽያጭ ወርዶ ነበር። ኢትዮጵያ በፒኤስኤን ዝርዝር ውስጥ የለችም፤ ጌም ቤቱ ውስጥ ያሉት አካውንቶች ሁሉ «አሜሪካ» እና «እንግሊዝ» ይኖራሉ። ያ የቁጣ ዝናብ ለእኛም ዘንቧል ማለት ይቻላል። በሌላ በኩል «ዘ ላስት ኦቭ አስ 2» በ2020 እ.ኤ.አ. በወጣ በሰዓታት ውስጥ፣ ማንም ሊጨርሰው በማይችልበት ጊዜ፣ ዜሮ የሰጡት እልፍ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ሜታክሪቲክ ተጫዋቾች ነጥብ ከመስጠታቸው በፊት 36 ሰዓት እንዲጠብቁ ደነገገ። ሕዝብም ቢሆን ሳይቀምስ ይፈርዳል።

መቅመስ ካልኩ አይቀር፣ ነጥብ አሰጣጥን ከቡና ቀማሾች መማር ይቻል ነበር። እነሱም ከ100 ነው የሚሰጡት፤ 80 የደረሰ ቡና ልዩ ይባላል። ለዓመታት ሲሠራበት በኖረው ደንብ ግን ለ150 ሚሊ ሊትር ውሃ 8.25 ግራም ቡና ይለካል፤ የውሃው ሙቀት 93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ስኒው አንድ ዓይነት ነው፤ ቀማሹ የማን ቡና እንደሆነ አያውቅም። ጌም ገምጋሚው ግን የማን ጌም እንደሆነ፣ ስንት እንደወጣበት፣ ጓደኞቹ ምን እንዳሉ አውቆ ይቀመጣል። ወሎ ውስጥ አንዱን ጀበና ከአቦል እስከ በረካ የሚጠጣ ሰው መቼም ለሦስቱም አንድ ነጥብ አይሰጥም። ለጌም ግን የወጣበት ቀን ነጥብ ዕድሜ ልኩን ግንባሩ ላይ ይለጠፋል፤ «ሳይበርፐንክ» ከዓመታት ጥገና በኋላ ሌላ ጌም ቢሆንም እንኳ።

ነጥብን ጨርሶ ለማስቀረት የሞከሩም አሉ። ዩሮጌመር የተባለው የጌም ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. በ2015 ቁጥሩን ጥሎ «ይመከራል»፣ «ይቅርብህ» በመሳሰሉ ቃላት ተካ፤ በ2023 ወደ ኮከብ ተመለሰ። አንባቢ ቁጥር ይወዳል። እኔም እወዳለሁ፤ ስለዚህ ቁጥሩ ይጥፋ ከሚሉት ወገን አይደለሁም።

ዝናቡ ሳያቆም መብራት ጠፋ። አራቱም ቴሌቪዥን ባንዴ ጨለመ፤ «ወላሂ ላገባ ነበር!» የሚል ድምፅ ከጥግ ተሰማ። ወዲያው ክርክር። የቤቱ ሕግ ግልጽ ነው። ከ70ኛው ደቂቃ በኋላ ከጠፋ ውጤቱ ይጸድቃል፣ ተሸናፊ ይከፍላል፤ ከዚያ በፊት ከሆነ ጨዋታው ይደገማል። ችግሩ ስንተኛው ደቂቃ እንደነበረ የሚያስታውሰው መሪው ብቻ መሆኑ ነው። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶ መብራቱ ሲመጣ ባለቤቱ ሁለት ማሽን ጎን ለጎን አበራና «ቁጠር» አለኝ። አሮጌው ጌም ከማብራት እስከ ኳስ መጀመር ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም። ከጓደኛው ለሙከራ ያመጣው አዲሱ ደግሞ አርማ አሳየ፣ ውል አስነበበ፣ መስመር ፈለገ፣ አላገኘሁም አለ፣ እንደገና ፈለገ። አምስት ደቂቃ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። «በቀን ሦስቴ ሲጠፋ አስበው» አለኝ። በየትኛውም ግምገማ ላይ ይህን ሲለኩ አላየሁም።

እዚህ የሚጻፍ ግምገማ ቢኖር ይህንን ይለካ ነበር። ሁለት ሰው አንድ ቴሌቪዥን ላይ መጫወት መቻሉንም። ይህ ነገር እየመነመነ ነው። «ሄይሎ» የሚባለው የተኩስ ጌም አንድ ቴሌቪዥን ላይ በሁለት ጆይስቲክ በመጫወት የታወቀ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ክፍል ይህን አስቀረው፤ በ2021 ለወጣው ክፍል ቃል የተገባው አንድ ቴሌቪዥን ላይ ለሁለት የሚጫወቱት የታሪክ ጨዋታም በ2022 ተሰረዘ። ሁለት ሰው ካልሆነ ፈጽሞ የማይጫወቱት «ኢት ቴክስ ቱ» ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 የዓመቱ ምርጥ ጌም ተብሎ ተሸለመ። ይህን ጌም አንድ ቤት ውስጥ አይቸዋለሁ፤ ወንድምና እህት ተሻምተውበታል። ለጌም ቤት ግን ከባድ ነው፤ ተሸናፊ የለውምና ማን ይነሳል?

ኮምቦልቻ ያሉ ጓደኞቼ ነገሩ ሌላ ነው ይሉኛል። ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ዶርም ውስጥ ጌም ማለት ስልክ ነው። «ፍሪ ፋየር»፣ «ፐብጂ»፣ ሞባይሉ «ኢፉትቦል»። ይህ «ኢፉትቦል» ያ የምንወደው ፔስ ስሙን ቀይሮ ነው፤ በ2021 እ.ኤ.አ. መስከረም መጨረሻ ለፒሲ ሲወጣ ስቲም ላይ ከታዩት ዝቅተኛ ነጥቦች አንዱን ተቀበለ። ዶርም ውስጥ ግን ነፃ ስለሆነ ማንም ነጥቡን አልጠየቀም። ጎግል ፕሌይ ከኅዳር 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለስልክ ተጠቃሚዎች የየአገራቸውን ሰው ኮከብ እንደሚያሳይ አስታውቋል። ከሁሉ ለእኛ የሚቀርበው ይህ ነበር፤ ኢትዮጵያዊ ስልክ ላይ ኢትዮጵያዊ የሰጠው ኮከብ። ነገር ግን ኮከቡ ሥር ያለውን ስናነብ «ናይስ»፣ «ዋው»፣ «አሪፍ ነው» ብቻ። የአገራችን ጌም ሠሪ ቅኔ ጌምስ ከዶሮ ወጥ የምታመልጥ ዶሮ ይዞ «ኩኩሉ»ን ሲሠራ ከአምስት ኮከብ ይልቅ የሚጠቅመው «ሁለት ጊጋ ራም ባለው ስልኬ ላይ ሦስተኛው ዙር ላይ ይቆማል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። እንዲህ ያለውን እኛ ካልጻፍነው ማንም አይጽፍልንም።

ለባለቤቱ ስለ 76ቱ የነገርኩት ባጭሩ ይህንን ነው። ቁጥሩን ተወው፤ መካከለኛ ነጥብ ከሰጡት ውስጥ ሁለቱን አንብብ፤ ምን ላይ እንደተጫወቱትና ያለ መስመር እንደሚከፈት ፈልግ። ሰማኝና ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ከበርጩማው ሥር ሠላሳ ሁለት ሉክ ደብተር አወጣ። ገጹ በመስመር ተከፋፍሏል፤ በየመደቡ አናት ላይ የጌም ስም፣ ከሥሩ በየቀኑ ስንት ጨዋታ እንደተጫወቱበት በአምስት በአምስት የታሰረ ጭረት። የአምናው ፊፋ ገጹን ሞልቶ ወደ ኅዳጉ ፈስሷል። አንድ ዓለም ያደነቀው ጀብደኛ ጌም አራት ጭረት አለው፤ አራቱም የእሱ የራሱ ናቸው አለኝ።

አዲስ መደብ አሰመረና የዘንድሮውን ስም ጻፈ። ያ ልጅ ተነስቶ መጣ፣ ደብተሩን በትከሻው ላይ አየና ዝውውሩ መግባቱን እንደገና ጠየቀ። ባለቤቱ ገብቷል አለው። «በል አስገባው፤ የመጀመሪያው የኔ ነው» ብሎ 15 ብሩን ደብተሩ ላይ አኖረ።